ዳለቻን ማን ጠራው?

ሥጋ መብላት ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ዓመት የተጠየቅኩትን ያህል ፖሊስ እንኳ ሌባ አይጠይቅም። "ሪህ ነው?" ይሉኛል። "ስለት አለብህ?" ይሉኛል። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ሳዝዝ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም፤ ማክሰኞ ያዘዝኩ ዕለት ግን የመሥሪያ ቤት ሰዎች ዓይን ለዓይን ይጠቃቀሳሉ። በዚህ አገር ሰው ሥጋ የሚተወው ወይ ለእግዜር ብሎ ነው፣ ወይ ሐኪም ከልክሎት ነው፣ ወይ ኪሱ ነጥፎ ነው። አራተኛ ምክንያት ያለው ሰው ጤነኛ አይመስላቸውም። ባለቤቴ ጸደንያ ራሷ አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሹካዋን አስቀምጣ "ቶሌሳ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ልትመንን ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔን! ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ሳይሰድብ ከቤት የማይወጣውን!

እንግዲያው አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ሥራዬ ኤርፖርት ነው። መንገደኛ ከተርሚናል ወደ አውሮፕላን የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ። ቤቴ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ከሌላ ሰፈር የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን አልመጣሁም፣ ሰፈሩ ነው የመጣብኝ። አባቴ እዚሁ ገበሬ ነበር። ዛሬ መኪና የምናቆምበት ቦታ ላይ ጤፍ አጭጄበታለሁ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ውሸቱን ከየት እንዳመጣሁት እንድታውቁ ብዬ ነው።

ያለፈው ዓመት ፋሲካ የሕንፃችን ሰዎች ቅርጫ ገባን። በሬ ገዝተን፣ እዚሁ ግቢ አርደን፣ በመደብ በመደብ ልንካፈል። ነገሩን የያዘው ሉቃስ ነው። ሉቃስ አንደኛ ፎቅ የሚኖር፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ሆቴል የሚሠራ የሆሳዕና ሰው ነው፤ ጴንጤ ነው፣ ሳቁ እኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። "በሬ የሚገዛ ገበሬ ነው" ብሎ እኔን ላከኝ። ገበያ ሄጄ የደላሎቹ ነገር አንገሸገሸኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከቦሌ አራብሳ ወዲያ በሬ የሚሸጡ ባልቴት አሉ ሲለኝ ወደዚያው ነዳሁት።

አዴ ደሪቱ ይባላሉ። አዴ በኛ በኦሮሞዎች እንደ እማማ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ቤታቸው የመጨረሻው ኮንዶሚኒየም አልቆ ማሳ የሚጀምርበት ጋ ነው፤ ማሳው ላይም የቀያሽ ችካል ተተክሎበታል። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። አጥሩ ሥር ሁለት በሬ ታስሯል፤ አንዱ አመድ የመሰለ ግራጫ፣ አንዱ ቡራቡሬ።

"ሁለቱን መቀለብ አቃተኝ" አሉኝ። "ግራጫውን እሸጣለሁ። ለሥጋ ግን አልሸጥም። የሚያርስበት ሰው ነው የምፈልገው።"

ምን በአፌ እንደገባ አላውቅም። "እኔ የቡልቡላ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አንዱ በሬዬ ሞቶብኝ ጥማድ ጎደለኝ" አልኳቸው በኦሮምኛ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ስለ ጥቁሩ አፈር፣ ስለ ወንዙ ዳር መሬት፣ ዝናብ ሲዘገይ አባቴ እንዴት ይነጫነጭ እንደነበር፣ ሁሉንም አወራሁ። አንድም የፈጠርኩት የለም። ሁሉም የነበረ ነው፣ ዛሬ የለም እንጂ።

ዓይን ዓይኔን አዩኝና "ሰሞኑ የበዓል ነው ልጄ፣ እንዳታታልለኝ" አሉ።

"በአባቴ አጥንት!" አልኳቸው።

አመኑኝ። ከዋጋው ላይም ራሳቸው ቀነሱልኝ፣ ለሚያርስ ሰው ነው ብለው። ገመዱን ይዤ ልሄድ ስል አስቆሙኝ።

"ስሙን ሳትጠይቀኝ?"

ክው አልኩ። ለእርሻ በሬ የሚገዛ ሰው ስሙን ይጠይቃል፤ በስሙ ነው የሚያርሰው። ስም የማይጠይቅ ለሥጋ የሚገዛ ብቻ ነው። የገበሬ ልጅ ሆኜ እንዴት ይህ ጠፋኝ?

"ማን ይባላል፣ አዴ?"

"ዳለቻ። እንዳትመታው። ብትጎትተውም አይሄድልህም፤ ባሌ አንድ ቀን ጎትቶት አያውቅም። 'ዳለቻ፣ ኮቱ' በለው። ና በለው። ይመጣል።" እሳቸው ራሳቸው ጠርተው የተከራየሁት አይሱዙ ላይ አወጡት። አንገቱን አቅፈው በጆሮው የሆነ ነገር ሲነግሩት ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ስልኬን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ ምን ልበል?

የፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ቢላችንን ይዘን ወረድን። አራጁ ላጲሶ መጥቷል። ማረጃው ከሕንፃው ጀርባ ነው፣ ዳለቻ የታሰረው ደግሞ መኪና ማቆሚያው ላይ። አልነቃነቅ አለ። አራት ሰው ጎተተው፣ ላጲሶ ጭራውን ጠመዘዘው፤ እግሩን ተክሎ ቆመ፣ በቃ። አይዋጋም፣ አይጮህም። ሕፃናት በየበረንዳው ቆመው ያያሉ። ሉቃስ ላቡን እየጠረገ "አንተ ገበሬ! ዝም ብለህ ታያለህ እንዴ?" አለኝ።

እኔም ደክሞኝ ነበር፣ ርቦኝ ነበር፣ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ነበር። ማረጃው ጋ ሄድኩና ቆምኩ። ከዚያ "ዳለቻ! ኮቱ!" አልኩ።

ጆሮውን አነሳ። የያዙትን ሰዎች እንደሌሉ ቆጥሮ፣ ገመዱ ረግቦ፣ ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ራሱን ዝቅ አደረገ። ግንባሩን ዳሰስኩት። ሞቃት ነበር። "እንደዚያው ያዘው" አለ ላጲሶ፤ ያዝኩት። ላጲሶ በስመ አብ አለ። ከሠራሁት ሁሉ ያቺ ትንሽ ጊዜ ናት የማትለቀኝ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ሌላ ሰው አላየም፣ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው። ከአፌ የሚወጣውን ትእዛዝ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። መደቡ ሲመደብ ሉቃስ የበሬውን ምላስ ከፍ አድርጎ አንጠለጠለና "ይህ ዕጣ ውስጥ አይገባም! በምላሱ ነው ያመጣልን፣ ምላሱ የቶሌሳ ነው!" አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ጸደንያ አሳምራ ጠበሰችው። ጣፋጭ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ሁለተኛውን ጉርሻ እያላመጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አዴ ደሪቱ ናቸው። እንኳን አደረሰህ ሊሉኝ።

የኛን ሰላምታ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ሰላምታችን ሰውን ብቻ ጠይቆ አይበቃውም። ደህና ነህ ወይ ይላል፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ ይላል፣ ከዚያ "ሎን ነጋ?" ይላል። ከብቱ ደህና ነው? መልሱም "ነጋ" ነው፤ ሰላም። ይህን ስንመልስ አናስብም፤ አፋችን ራሱ ይመልሰዋል።

"ሎን ነጋ?" አሉኝ።

"ነጋ" አልኩ፣ አፌ ሙሉ።

ስልኩን ዘግቼ ጉርሻውን መዋጥ አቃተኝ። ሄጄ ተፋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ ወደ አፌ በቀረበ ቁጥር ያቺ "ነጋ" ትመጣብኛለች።

ደወሉን አላቆሙም። ግንቦት ላይ "ቀንበሩን ተቀበለ?" አሉኝ። "ተቀበለ።" ሰኔ ላይ "በቀኝ በኩል ነው የምትጠምደው? ግራ አይወድም" አሉኝ። "በቀኝ ነው፣ አዴ።" በዝናቡ ወር ስለ ጭቃው ጠየቁኝ፤ ወንዙ ዳር ያለውን መሬት ትቼ ዳገቱን አርሻለሁ አልኳቸው። እየዋሸሁ ሳለ አየው ነበር። አራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው እያየሁ፣ የአባቴ ማሳ ከአስፋልቱ ሥር እየወጣ፣ ዳለቻ እየጎተተ፣ እኔ ከኋላው። ጸደንያ "ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትስቀው?" አለችኝ አንድ ጊዜ። ስስቅ አልታወቀኝም።

ጤፉ ሲወቃ "ዳለቻ ካረሰው ትንሽ ቅመሺ ብትለኝ" አሉኝ። ወይ ጣጣ! ቡልቡላ ወፍጮ ቤት ሄጄ ጤፍ ገዛሁና በጆንያ ላኩላቸው። ማታውኑ ደውለው መረቁኝ። "የዳለቻ እጅ አለበት፣ ያስታውቃል፣ አፈሩ ሌላ ነው" አሉ። ነጋዴው ከየት እንዳመጣው እንኳ አላውቅም።

ከዚያ ማየት ጀመርኩ። በጠራራ ፀሐይ! አውቶቡሱን ሞልቼ ወደ አውሮፕላን ስነዳ፣ በማኮብኮቢያው ዳር ያለው ሣር ላይ ግራጫ በሬ ቆሟል። ጆሮውን ቀስሮ። ፍሬን ያዝኩ። መንገደኛው እርስ በርሱ ተጋጨ፣ አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋ ላይ ወደቀች። "ምን ነካህ ሾፌር?" ብለው ጮኹብኝ። "በሬው!" አልኩ። "የምን በሬ?" ዞር ብዬ ሳይ ሣሩ ባዶ ነው። አለቃዬን ወፍ ነው ብዬ ሸወድኩት። ግን አልሄደም። አሁንም እዚያው ይቆማል። አይመጣም፣ አይሄድም፤ እስኪጠሩት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። በዚያ ሣር አጠገብ ሳልፍ ከንፈሬን ነክሼ ነው የምነዳው። ስሙ ካመለጠኝ ይመጣላ!

ለሉቃስ አንድ ቀን ነገርኩት፣ ሲጨንቀኝ። ሳቀና ደግሞ መሳቁን ተወ። "ስማ፣ ቶሌሳ፣ በሬ በሬ ነው። ስም ስላለው ሥጋው አይለወጥም። እኔ እናቴ ቤት ሳለሁ በጉን ስም አውጥቼለት በልቼዋለሁ።" እውነቱን ነው፤ ሥጋው አልተለወጠም። ጣፋጭ ነበር አላልኩም?

ዘንድሮ ሁዳዴው ሊጋመስ ሲል አዴ ደሪቱ ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። "ቡሬም አቃተኝ" አሉ፣ ቡራቡሬውን ነው። "ጭድ መሸከም፣ ውሃ መቅዳት አልቻልኩም። ደግሞ ዳለቻ ከሄደ ወዲህ ወደ መንገዱ እያየ ያገሳል። ና ውሰደው። ገንዘብህን አልፈልግም። ከጓደኛው ጋር ጥመደው፣ አብረው ይረሱ።"

ሉቃስ እንዴት እንደሰማ አትጠይቁኝ፤ የኛ ሕንፃ ግድግዳ ወረቀት ነው። ሮጦ መጣ። "በነፃ? ለፋሲካ? እግዚአብሔር ሲያዘጋጅ እንዲህ ነው! አንተ ደግሞ ትጠራልናለህ።"

"አልጠራም" አልኩት።

"እሺ፣ አንተ ካልወሰድከው ማን የሚወስደው ይመስልሃል? እዚያ አካባቢ የሚያርስ ሰው ቀርቷል? ሌላ ልኳንዳ ነው የሚወስደው። ቢያንስ እኛ እናውቀዋለን።" ሌባ፣ አሁንም እውነቱን ነበር። ብወስደው ይታረዳል፣ ባልወስደው ይታረዳል። አስሬ የማኖርበት ቦታ የለኝም፣ ማሳ የለኝም፣ አራተኛ ፎቅ ነው ያለኝ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የዳለቻን ገመድ ከመኪናው የኋላ ኮፈን አውጥቼ ይዤ ሄድኩ።

አዴ ደሪቱ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጥነዋል። ቡሬ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያመነዥካል፤ ከጎኑ ያለው የዳለቻ ማሰሪያ ችንካር ባዶውን ነው። እጄን ያዙና ሰላምታ ጀመሩ። ደህና ነህ፤ ደህና። ልጆቹ፤ ደህና።

"ሎን ነጋ?"

አፌ ሊመልስ ሲከፈት በጥርሴ ያዝኩት።

"ሎን ነጋ?" ደገሙ፣ ያልሰማሁ መስሏቸው።

"ዳለቻ የለም፣ አዴ" አልኩ። ስሙን እንደጠራሁ ቡሬ ማመንዠኩን አቁሞ ራሱን ቀና አደረገ፤ ወደ መንገዱ አየ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሳ እንደሌለኝ፣ በአባቴ አጥንት የማልኩት ውሸት እንደነበር፣ በወሰድኩት ሳምንት እንዳረድነው፣ ጤፉ የወፍጮ ቤት እንደነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በመዳፋቸው ከለከሉኝ። አላለቀሱም። ወደ ችንካሩ ነው የሚያዩት።

"እኔም ሥጋ እበላለሁ" አሉ። "በግ አርዳለሁ፣ ዶሮ አርዳለሁ። ያረሰልኝን ግን አልበላም። ባሌ ሲሞት ዘመድ ሁሉ ለተዝካሩ ዳለቻን እንረድ አለኝ፤ እምቢ አልኩ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ዳለቻ ለማያውቀው ሰው አይሄድም። እንዴት አድርገው ወሰዱት? አስረው? ደብድበው?"

"አልደበደቡትም።"

"ታዲያ ማን ጠራው?"

ይህን ነው የፈራሁት። ሌላውን ሁሉ ጠይቀውኝ ቢሆን፣ ይህን ባይጠይቁኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"በስሙ?"

"በስሙ።"

"መጣ?"

"መጣ፣ አዴ።"

"ሲመጣ ምን አልከው?"

"ምንም አላልኩትም። ግንባሩን ዳሰስኩት።"

ምላሱን አልነገርኳቸውም። እሱን ዛሬ ለእናንተ ነው የነገርኩት።

እጃቸውን ዘረጉ፤ ገመዱን ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ዳበሱት። "ሂድ" አሉኝ። አልረገሙኝም፤ ቢረግሙኝ እንዴት በተሻለኝ! ጀርባዬን ሰጥቼ መሄድ ጀመርኩ። ተነፈስኩ፤ አለቀ አልኩ በሆዴ።

አጥሩ በር ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩ።

"ዳለቻ! ኮቱ!"

ያ የደከመ ድምፅ አልነበረም። ማሳ የሚያሻግር ድምፅ ነበር። ቡሬ አገሳ። የእኔ እግር ደግሞ፣ ወላሂ፣ ሳላዘው ቆመ። ዞርኩ። መሸሽ እችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ መኪናዬ ውጭ ቆሟል። ግን ቀስ እያልኩ ወደ እሳቸው ተመለስኩ። ፊታቸው ስደርስ አንገቴን ደፋሁ። ግንባሬን ዳሰሱት። እጃቸው እንጨት ነበር፣ ቀዝቃዛ።

"እንዲህ ነው የመጣልህ?" አሉኝ።

"እንዲህ ነው፣ አዴ።"

እጃቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ "ቡሬ ከዚህ ግቢ አይወጣም" አሉ። "ከእኔና ከእሱ ቀድሞ የሚሞተው ይሙት። ጭዱን አንተ ነህ የምታመጣው።"

ሉቃስና ሰዎቹ ከገበያ ሌላ በሬ ገዝተዋል፤ ሰሞኑን ይመጣል፣ ስሙን የሚያውቅ የለም። እኔ በየቅዳሜው ጭድ ጭኜ አራብሳ ማዶ እሄዳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ቡሬን አጠጣለሁ። አዴ ደሪቱ አይቆጡኝም፤ ምሳ እንኳ ያቀርቡልኛል፣ ሽሮ። ሰላምታውም እንደ ድሮው ነው፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፤ ስለ ከብቱ ግን አይጠይቁኝም። ቶሌሳ ብለውም ጠርተውኝ አያውቁም። ሥራ ሲኖር ከደጃፋቸው ሆነው "ዳለቻ፣ ኮቱ" ይሉኛል። እመጣለሁ።